ልጡ የተላጠው ዋንዛ

አንድ ሰው ከተማ ውስጥ ቤት ይሠራ ነበር። ግድግዳው አልቋል፣ ጣሪያው ተመትቷል፣ የቀረው በርና መስኮቱ ብቻ ነው። በሰፈሩ ያለው በር ሁሉ ብረት ነው። እሱ ግን የዋንዛ በር አማረው። ዋንዛው የት እንዳለም ያውቃል፤ ከጣና ብዙ በማይርቅ አገር፣ በአባቱ ግቢ፣ ተወልዶ ባደገበት ጓሮ ውስጥ ቆሟል።

የሰውየውን ስም አልነግራችሁም። ስሙን ከነገርኋችሁ «አይ፣ እሱማ እንዲህ ያለ ሰው ነው» ብላችሁ ታመልጡኛላችሁ። ዛሬ እንድታመልጡኝ አልፈልግም።

ጓሮው ባዶ አልነበረም። እኅቱ አለችበት፤ አንጓች ትባላለች፤ ታላቁ ናት። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ገና ትምህርት ቤት ነበር። እሷ የራሷን ትምህርት ትታ ቡናውን ያዘች። ከዋንዛው ጥላ ሥር ያለውን ቡና ኮትኩታ፣ ለቅማ፣ አድርቃ፣ ሸጣ አስተማረችው። ተመረቀ። ሥራ ያዘ። አገባ። ከዚያ በኋላ አረፈች? አላረፈችም። በየዓመቱ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቅቤው በማዳበሪያ ታስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ይመጣለታል። ከእሱ ወደ እሷስ ምን ሄደ? እስኪ ገምቱ። አንድ ጊዜ የግድግዳ ካላንደር ልኮላታል። ያውም ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ።

ሳቃችሁ። ሳቁ። ከመካከላችሁ ካላንደር እንኳ ያልላከ አለ።

ጥር ላይ ወደ አገሩ ሄደ። እኅቱ እግሩን አጠበችው፣ መደቡን አነጠፈችለት። በልቶ ሲያበቃ ነገሩን አወጣ።

«እታለም» አላት፣ «ዋንዛውን ላስቆርጠው ነው የመጣሁት።»

«የቱን ዋንዛ?»

«ስንት ዋንዛ አለሽና ነው?»

«እኔማ አንድ ነው ያለኝ። አንተ ስንት አለህ?»

«አትቀልጂ። ለበርና ለመስኮት ፈልጌው ነው።»

«ቡናው እኮ ከሥሩ ነው ያለው። ጥላውን ካነሳህበት ፀሐይ ይጠብሰዋል።»

«ጥላ ከሆነ ዣንጥላ እገዛልሻለሁ።»

«ለያንዳንዱ እግር ቡና?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ። አንድ ዛፍ ነው።»

«አንተን ያስተማረህ እሱ አንድ ዛፍ ነው። እኔንም እስከ ዛሬ የሚያበላኝ እሱ ነው። ቡናው ከሄደ ምን በልቼ ልደር?»

«እኔ የለሁልሽም?» አላት።

ይህችን ቃል አስተውሉልኝ። «እኔ የለሁልሽም?» ለስንት ሰው ብላችኋታል? ለእናታችሁ ብላችኋታል። ላሳደገቻችሁ አክስት ብላችኋታል። በለቅሶ ቤት ቆማችሁ ለሟች ልጆች ብላችኋታል። አፋችሁን አላመማችሁም። አንጓች ይህን ስትሰማ ተነስታ የበላበትን ገበታ አነሳች። መልስ አጥታ አይደለም። ወንድሟን እንዳታሳፍረው ነው።

በማግሥቱ ሰውየው ወደ ደን ጠባቂው ሄደ፤ ዘገየ ይሉታል። ዘገየም «አገር በቀል ዛፍ ለምለሙ አይቆረጥም፤ ሕግ ነው» አለው።

«የአባቴ ዛፍ ነው እኮ።»

«የአያትህም ቢሆን ያው ነው። ራሱ ከደረቀ ግን ማንም አይከለክልህም።» ይህን ብሎ ዘገየ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

በዚያ አገር ዛፍ «ራሱ» እንዴት እንደሚደርቅ የማያውቅ ሰው የለም። አትቆርጠውም። አታቃጥለውም። ከግንዱ ዙሪያ ልጡን እንደ መቀነት ትገፍፈዋለህ፣ ከዚያ ቤትህ ገብተህ ትጠብቃለህ። ዛፉ ቆሞ ይሞታል። ሲሞት አንተ የለህም። ማን ገደለው ቢባል፣ ማንም። ሕጉም ደስ ይለዋል፣ አንተም ደስ ይልሃል። ንጹሕ ግድያ ማለት እንዲህ ነው።

ቅዳሜ አንጓች ገበያ ወጣች። ለምን እንደወጣች ታውቃላችሁ? ለእሱ ዶሮ ልትገዛ። እሷ ከዓይኑ ስትርቅ እሱ መጥረቢያና ማጭድ ይዞ ወደ ጓሮ ወረደ። ከጉልበቱ ከፍ አድርጎ ግንዱን ዙሪያውን ከላይና ከታች መታው፤ በመካከል ያለውን ልጥ ገፈፈው። ነጩ እንጨት እርጥብ እንደሆነ ወጣ። ከዚያ ጭቃ ለወሰና ቁስሉን ለቀለቀው። እጁን ታጠበ። መደቡ ላይ ተቀምጦ እኅቱን ጠበቃት።

ዶሮውን በክንፉ አንጠልጥላ መጣች። ጭቃውን አየችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምስጥ ጀምሮታል። መድኃኒት አድርጌ መረግሁት።»

«እግዜር ይስጥህ። እኔማ ልብ አላልሁትም ነበር።»

አመሰገነችው። ወጡንም ሠራችለት። በላ። እሑድ በአውቶቡስ ተመለሰ፤ የዓመቱን በርበሬም ይዞ ነው የሄደው።

ሐምሌ ገባ። በዚያ አገር የሐምሌ ዝናብ ጭቃ አያስተርፍም። አንድ ቀን ጠዋት አንጓች ወደ ጓሮ ብትወርድ ምርጉ ታጥቦ ሄዷል። ከሥሩ ልጥ የለም። ዙሪያውን ዞረች፤ የለም። መጀመሪያ ምስጡ በልቶት ነው አለች። ኋላ የመጥረቢያውን ምልክት በጣቷ ዳሰሰችው። ምስጥ መጥረቢያ አይዝም። ደወለችለት።

«ወንድሜ፣ ጭቃው ታጥቦ ሄደ። ከሥሩ ልጥ የለም።»

«ቅጠሉስ?»

«ቅጠሉማ ለምለም ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምትደውዪው? ስብሰባ ላይ ነኝ።»

ስልኩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁምና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዛፍ ውሃ እንዴት እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ? ትምህርት ቤት ተምራችሁታል፤ ለፈተና ሸምድዳችሁ ረስታችሁታል። ዛሬ ለነፍሳችሁ ስሙት።

በሥሩ ጫፍ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ነገር አለ። በአፈሩ ቅንጣት መካከል እየገባ እርጥበቱን ይጠባል። ብርሃን የለውም። የሚያየው የለም። ድንጋይ ሲገጥመው ዞሮ ያልፋል። ያን የጠባውን ውሃ ወደ ላይ ይሰዳል፤ ውሃውም በእንጨቱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች ሽቅብ ይወጣል። ማን ይስበዋል? ሞተር የለም። የሚስበው ቅጠሉ ነው። ፀሐይ ቅጠሉን ስትመታው እርጥበት ከላዩ ይተናል፤ አንዷ ጠብታ ስትወጣ ከኋላዋ ያለችውን ትጎትታለች፣ ያቺም ቀጥላ ያለችውን፣ እንዲህ እየተያያዘ እስከ ታች እስከ ሥሩ ድረስ ይደርሳል። ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ ይስባል። ሥሩ ቀኑን ሙሉ ይሰጣል።

እግዚአብሔር ግን ነገሩን እዚህ ላይ አልተወውም። ቅጠሉ ከዚያ ውሃ፣ ከፀሐዩና ከአየሩ ምግብ ይሠራል። ምግቡንም ወደ ታች ይልካል። ሥር ጨለማ ውስጥ ነው ያለው፤ ለራሱ ምግብ መሥራት አይችልም። ከላይ ካልመጣለት ይራባል። ምግቡ የሚወርደው በየት ነው? ውሃው በሚወጣበት በእንጨቱ አይደለም። በልጡ ነው፤ በውስጠኛው፣ እርጥብ በሆነው ልጥ።

እንግዲህ ልጡን ዙሪያውን ስትገፍፉት ምን ይሆናል? ውሃው አይቆምም። ስሙኝ፤ ውሃው አይቆምም። መውጫው አልተነካማ። የተነካው መውረጃው ነው። ሥሩ እንደ ትናንቱ ይሰጣል። ቅጠሉ እንደ ትናንቱ ይጠጣል፣ ይለመልማል፣ በነፋስ ይወዛወዛል። ሥሩ ያጠራቀመውን እየበላ፣ ራሱን እየበላ፣ ይሰጣል። ሥር አይጮህም። ሥር ስልክ አይደውልም። ብትጠይቁት «ደህና ነኝ» ይላችኋል።

ሰውየውም «ቅጠሉስ?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ሥሩ ጠየቀ? እናንተስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ጥቅምት ላይ ሰውየው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መጣ፤ የደረሰበትን ሊያይ ነው። ምን ያገኘ ይመስላችኋል? ዋንዛው አብቧል። አብቦ በማያውቅበት ሁኔታ አብቧል። ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኗል፣ ንቡ ከሩቅ ይሰማል። ወደ ሥሩ መውረድ የነበረበት ምግብ መንገድ ሲያጣ ከላይ ተከማችቶ አበባ ሆነ። ያ አበባ የሥሩ ምሳ ነበር።

«አየሽ እታለም?» አላት። «እንዲያውም ተስማማው።»

«ጠጋ በልና ቁስሉን እየው።»

ከቁስሉ በላይ ያለው ልጥ አብጦ እንደ ከንፈር ወጥቷል።

«ወፍሯል እኮ» አላት።

«የወፈረው ከላይ ነው። እስኪ ከታች ያለውን ንካው።»

አልነካውም። ልጆቹ «አባዬ፣ ና ፎቶ እንነሳ» ብለው ጠሩት። ከአበባው ሥር ተሰልፈው ተነሱ። ፎቶውን ያዩ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሁሉ «እንዴት ያለ የተባረከ ግቢ ነው» አሉት።

አንጓች ለምን አልከሰሰችውም ትሉኝ ይሆናል። ጎረቤቷም ይህንኑ ጠይቋታል። «ከስሼ ባሳስረው፣ ስንቅ የማመላልስለት እኔው ነኝ» ብላ መለሰችለት።

በሚቀጥለው ዓመት ዋንዛው ቅጠሉን አራገፈ፤ አዲስ አላወጣም። ክረምት ገባ። መሬቱ ውሃ ጠገበ፣ ጠግቦም አቆረ። ውሃው ከሥሩ ዙሪያ ተኝቷል፤ የሚጠጣው ግን የለም። በዝናብ መካከል፣ ውሃ ላይ ቆሞ፣ ዛፉ በጥም ሞተ። ክረምቱ ሲያልፍ ፀሐዩ በቡናው ላይ ወረደ። መጀመሪያ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ፍሬው ሳይበስል ጠቁሮ ረገፈ። አንጓች ከቤቷ ክዳን ሣር እየነቀለች ቡናውን ልታለብስ ሞከረች። የቤቷን ክዳን ነው የምላችሁ። አልያዘላትም።

ሰውየው ከመጋዝ ሠራተኞች ጋር መጣ። ዘገየም መጣ። ግንዱን ዞረው። ቁስሉ ፊት ለፊቱ ነው።

«ዘገየ፣ ይህን አላየህም?» አለችው አንጓች።

«እትዬ አንጓች፣ እኔ የማየው ቅጠል ነው። ቅጠል የለውም።»

«መጥረቢያ የነካውን ታውቃለህ እኮ። አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ።»

«ራሱ ነው የደረቀው» አለ ዘገየ። ወንድሟ ቀና ብሎ አላያትም። መጋዙ ተጀመረ።

አሁን እንጨቱ በሰበሰ፣ በሩ ተሰነጠቀ፣ ሰውየው ታመመ ብዬ እንድጨርስላችሁ ትጠብቃላችሁ። አውቃችኋለሁ። ቅጣቱ በሌላ ሰው ላይ ሲወርድ አይታችሁ ተጽናንታችሁ ቤታችሁ መግባት ነው የምትወዱት። አልበሰበሰም። በሩ ያማረ በር ነው። እንግዳ ሁሉ እያሻሸ ያደንቀዋል። ሰውየው ደህና ነው፣ ጤነኛ ነው። ምናልባት ዛሬ እንዲህ ባለ ጉባኤ መካከል ተቀምጦ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል።

አንጓች ግን አንድ ዓመት ታገሠች። ጎረቤት አበደራት፣ ጎረቤትም ደከመው። የቀረቻትን አንዲት ፍየል ሸጣ ለአውቶቡስ ከፈለችና ከተማ መጣች። ያንን በር አንኳኳች። እሱ ራሱ ከፈተላት።

«እንዴ፣ እታለም። ምነው ሳትደውዪ?»

አቀፋት፤ ሳማት። ከዚያ ዓይኑ ከትከሻዋ በላይ ወደ ውጭ አየ፤ ወደ እጇም አየ።

«በርበሬውን ከመናኸሪያ ማን ያምጣው?» አላት።

«ዘንድሮ እኔው ነኝ የመጣሁት» አለችው።

ስንት ቀን እንዳስቀመጣት አትጠይቁኝ። ሰርቪስ ቤቱ ተከራይቷል አላት። ሚስቱም ቤቱ ጠባብ ነው አለች። ዛሬ አንጓች በዚያው ከተማ በአንድ ምግብ ቤት ጓዳ ሽንኩርት ትልጣለች። ወንድሟ እዚያ ምሳ ሲበላ ከጓዳ ሆና ድምፁን ሰምታዋለች። አልወጣችም። አሁንም እንዳታሳፍረው ነው።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ።

ከመካከላችሁ ሥር የሌለው ማን ነው? ራሱን ያሳደገ እጁን ያንሳ። ማንም አያነሳም። ከእያንዳንዳችሁ ሥር፣ በጨለማ ውስጥ፣ አንድ ሰው አለ። አገር ቤት የቀረች እናት አለች፤ ዓይኗ ደክሞ በመርፌ ክር ማስገባት ካቃታት ቆየ፤ እናንተ ግን አታውቁም፣ ምክንያቱም በዓል ሲሆን ከእሷ ይላካል እንጂ ወደ እሷ አይሄድም። ዓረብ አገር ያለች እኅት አለች። በእሷ ጉልበት ሦስት ወንድሞች ተምረዋል፤ ስትመለስ ግን «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብለው ሻንጣዋን ነው የከፈቱት። ጀርባዋ እንደተጎዳ በኋላ ነው ያወቁት፤ ያውም ካወቁ። ልጆቻችሁን ያሳደገች ሠራተኛ አለች። ልጆቻችሁ ዛሬ ስሟን አያውቁም።

ይህች ቤተ ክርስቲያንስ? ሕንጻችን አምሯል። መዘምራኑ ልብስ ለውጠዋል፣ ድምፅ ማጉያው ሰፈር ያስነሳል። ደጁን ገና ሳይነጋ የምትጠርገው እናት ግን ባለፈው ወር ወድቃ ተኝታ ሳለ ከዚህ ማን ሄደ? ደጁ ግን ተጠረገ። ወድቃም ልጇን ልካ አስጠረገችልን። ቅጠሉ ለምለም ነውና «ምን ሆነሽ ነው?» የሚል እንኳ አልነበረም።

እናንተ «እግዚአብሔር ባርኮናል» ትላላችሁ። እኔም አያችኋለሁ፤ ለምልማችኋል። አብባችኋል። የምቆጣችሁም ለዚህ ነው። ጠውልጋችሁ ቢሆን ኖሮ አዝንላችሁ ነበር። ያ አበባ የማን ምሳ ነው? መውረጃውን ማን ገፈፈው? «አልጠየቁንም» ትሉኛላችሁ። ሥር ይጠይቃል እንዴ? «እኛ ያደረግነው ነገር የለም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ወደ ላይ የሚመጣውን አልከለከላችሁም። ወደ ታች የሚወርደውን ብቻ ነው የቆረጣችሁት። በእግዚአብሔር ፊትም «ራሷ ናት የደረቀችው» ልትሉ ተዘጋጅታችኋል። ዘገየ ይመሰክርላችሁ ይሆናል። እዚያ ግን ዘገየ ዳኛ አይደለም።

ልጆችን ሳስብ እፈራለሁ። ልጆቻችሁ ያዩአችኋል። ቤት ውስጥ ዕቃ ሁሉ ከታች እየመጣ ከላይ ሲበላ እያዩ ነው የሚያድጉት። ነገ ሥር የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ያን ጊዜ በነጩ እንጨት ላይ የሚያርፈውን መጥረቢያ ያስተማራችኋቸው እናንተ ናችሁ።

ዛፍ የሚያክሙ ሰዎች አንድ ነገር ነግረውኛል። ልጡ የተገፈፈ ዛፍ በጊዜ ከተደረሰበት አንዳንዴ ይድናል። ለምለም ቀንበጥ ቆርጠው አንዱን ጫፍ ከቁስሉ በታች፣ ሌላውን ከቁስሉ በላይ ይሰኩታል፤ ከያዘ ምግቡ በዚያ በኩል እንደገና ይወርዳል። ግን መደረግ ያለበት ሥሩ ሳይሞት፣ ቅጠሉ ገና ለምለም ሳለ ነው። ከዛፉ ላይ የሚቆረጥ ነገርም ይፈልጋል። ሳይቆርጥ ያዳነ የለም።

ዛሬ አሜን እንድትሉልኝ አልፈልግም። አሜን ማለት አያቅታችሁም። ከዚህ ስትወጡ ደጁ ላይ ወሬ ሳትጀምሩ ስልካችሁን አውጡና ደውሉ። የመጣላችሁን ዕቃ አታንሱ፣ የሚመጣውንም አትጠይቁ። «ዛሬ ምን በላሽ?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ስለሌለ ግራ ይገባታል። ከዚያ «ደህና ነኝ» ትላችኋለች።

እንደገና ጠይቋት።